የመጨረሻው ሰው እርምጃ



ብዙ ሆነው በአንድ መንገድ የሚጓዙ ሰዎች እርምጃቸውን በማን ልክ ማድረግ ይገባቸዋል? በብርቱው ነው ወይስ በደካማው? ይህ ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ቢቀርብ አብዛኞቻችን ሳናመነታ እጃችንን አውጥተን «በደካማው ልክ» ብለን እንመልሳለን። መልሱም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰጥ መልስና ዳገት ላይ ቆሞ የሚሰጥ መልስ አንድ አይደሉም። እኔ ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቱን ከሠራሁ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ በጽሑፍ አውጥቼው አላውቅም። ዛሬ የማወጣው ከእኔ በኋላ ለጉዞ የሚነሡ ታናናሾቼ አንድ ነገር ያገኙበት እንደ ሆነ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። የጥር ቂርቆስ በተከበረ በሳምንቱ በሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሆነን ወደ ወንጪ ተጓዝን። ወንጪን ያላያችሁ ትኖራላችሁና ስለ ስፍራው ጥቂት ልበል። ወንጪ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወሊሶና በአምቦ ከተሞች መካከል የሚገኝ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,386 ሜትር ይደርሳል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ መካከሉ ጎድጉዶ ቀረና ውኃ ሞላበት፤ ሐይቅም ሆነ። በሐይቁ ውስጥ ደሴት አለ፤ በደሴቲቱም ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ከሐይቁ ማዶ ደግሞ ፍል ውኃ የሚመነጭበት፣ ወራጁ ውኃ የእህል ወፍጮ የሚያዞርበት ጥልቅ ሸለቆ አለ። የገደሉ ዙሪያ በጽድና በአስታ የተሸፈነ ነው፤ ገበሬው እንሰቱንና ገብሱን የሚያለማው በዚያ ተዳፋት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ስፍራው ብዙ ተለውጧል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ ዘመናዊ ማረፊያም ተሠርቶበታል። እኔ የምናገረው ግን በዚያን ቀን በእግራችን ስለ ወረድንበትና ስለ ወጣንበት መንገድ ብቻ ነው።

ይህ መንገድ ተራራ ከመውጣት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን አስቀድሞ ይጨርሳል፤ ከደከመም መንገዱ ቁልቁል ነውና ተመልሶ ይወርዳል። ወደ ገደል ውስጥ የሚወርድ ሰው ግን የሚጀምረው በቀላሉ ነው። ጠዋት፣ ጉልበቱ ትኩስ ሳለ፣ እየዘለለና እየዘመረ ይወርዳል። ዳገቱ የሚጠብቀው ከሰዓት በኋላ፣ ስንቁ ካለቀና እግሩ ከዛለ ወዲያ ነው። ስለዚህ ተጓዡ በራሱ ጉልበት ይታለላል። ሲወርድም ቢሆን የጭኑ ጡንቻ የሰውነቱን ክብደት እየገታ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን ያን ጊዜ አይሰማውም። በዚያ ላይ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሰባ በመቶ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ለአዲስ አበባ ልጅ ነገሩ ጨርሶ እንግዳ ባይሆንም ልዩነቱን ዳገቱ ላይ ያውቀዋል።

ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ዓ.ም. ለእግረኞች አንድ ስሌት አውጥቶ ነበር። ስሌቱ በእኛ መለኪያ ሲነገር፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዝ፤ ሽቅብ ለምትወጣው ለየ600 ሜትሩ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምርበት ማለት ነው። ከወንጪ ሐይቅ እስከ ተራራው ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት 500 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ርቀቱ ሳይቆጠር ለዳገቱ ብቻ እስከ ሃምሳ ደቂቃ ሊጨመር ነው። ይህም ለብርቱና ለጤነኛ ሰው የወጣ ስሌት እንጂ ለሕፃንና ለደካማ አይደለም። እኛ ግን ስሌት አላሰላንም። የተነገረን «አውቶቡሶቹ በ11 ሰዓት ይንቀሳቀሳሉ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ጠዋት ከመውረዳችን በፊት ጉዞውን የሚመሩት ታላቅ ወንድማችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሥራ አከፋፈሉን። አንዱ ከፊት መንገድ እየመራ እንዲሄድ፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ ኋላ ሆኜ ማንም እንዳይቀር እንድጠብቅ ታዘዝሁ። ደስ አላለኝም። ከፊት መሄድ ነበር የፈለግሁት። ቢሆንም እሺ አልሁ።

ከእኛ ጋር የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ነበር። የመዝሙር ክፍሉን ከበሮ የሚመታው እርሱ ነው። ሰውነቱ ቀጭን፣ ጠባዩ ዝምተኛ ሲሆን፣ ያን ቀን ከበሮውን በማንገቻው አንግቶ ወደ ሐይቁ ወረደ። በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተሻገርን፤ ጸሎት አደረስን፤ ዘመርን። ከዚያም ወደ ማዶው ተሻግረን ፍል ውኃው ወዳለበት ሸለቆ ወረድን። ልጁ በዚህ ሁሉ ከበሮውን ከትከሻው አላወረደም። የተጫማው ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማ እንደ ነበረ ያስተዋልሁት ከሸለቆው ስንመለስ፣ ልቅ ድንጋይ ላይ ደጋግሞ ሲንሸራተት ነው።

ዳገቱን የጀመርነው ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ብዙም ሳንሄድ ሰልፉ ተሳሳበ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ማየት ጀመርሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። ከፊት ያሉት ብርቱዎች ፈጥነው ይወጡና ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁናል። ውኃ ይጠጣሉ፤ ይጫወታሉ። ከኋላ ያለው ልጅ እያለከለከ ሲደርስ «በሉ፣ ሁላችንም ደርሰናል፤ እንሂድ» ብለው ይነሣሉ። እንግዲህ አስቡት። በእያንዳንዱ ዕረፍት ያረፈው ያልደከመው ነው፤ የደከመው አላረፈም። የሚጠብቁትም እንደ ጠበቁት ያምናሉ፤ መጠበቃቸውም እውነት ነው። ነገር ግን የጠበቁት እንዲያርፍ ሳይሆን እንዲታይ ብቻ ነበር። እኔም ከልጁ ጋር እየደረስሁ ከልጁ ጋር ሳላርፍ የምነሣ ሆንሁና ሰለቸኝ። ከላይ የጓደኞቼን ሳቅ እሰማለሁ፤ ከእኔ ጋር ያለው ግን የአንድ ሰው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ልጁ ቆመ። «ደከመህ?» አልሁት። «ትንሽ» አለኝ። «ከበሮውን አምጣው፤ እኔ ልያዝልህ» አልሁ። ሰጠኝ። ጥቂት እንደ ሄድን እንደ ገና ቆመና «አንተ ሂድ፤ እኔ ቀስ እያልሁ እደርሳለሁ» አለኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጫፉም ቅርብ መሰለኝ። ደግሞስ ሸክሙን ተቀብዬው የለምን? ረድቼው የለምን? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳምኜ ከበሮውን አንግቼ ወጣሁ። ያለ እርሱ ስሄድ እግሬ እንዴት እንደ ቀለለኝ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ከላይ ስደርስ ሁሉም ከአውቶቡሶቹ አጠገብ ተሰብስበው ነበር። ከበሮው ከሩቅ ይታያልና «ከበሮውም መጣ፤ ሁሉም ደርሷል» ያለ ሰው ነበር። እኔ ልጁ ከኋላዬ እየመጣ ነው ብዬ ዝም አልሁ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ያሉት በሁለተኛው ያለ መሰላቸው፤ በሁለተኛው ያሉት በመጀመሪያው። እኔም ጥቂት ጠበቅሁና፣ ምናልባት በሌላ አቋራጭ መጥቶ ገብቶ ይሆናል ብዬ ከበሮውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ከጓደኞቼ ጋር መጫወት ያዝሁ። እንዲህ ያለው ሐሳብ ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም። ሰው ማመን የሚፈልገውን ምክንያት ሲፈልግ አያጣም።

የነቃነው አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ነው። እንደ ልማዳችን የመነሻ መዝሙር ተጀመረ፤ ከበሮው ግን አልተመታም። ጋሼ ዘወር ብለው «ከበሮ መቺው የት አለ?» አሉ። ሁሉም ዝም አለ። ከበሮው ከአጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ጋሼና እኔ፣ ሌሎች ሁለት ወንድሞችም ጨምረን ቁልቁል ሮጥን። ፀሐይ ከጠርዙ በስተ ጀርባ ገብታ ሸለቆው ጠቁሯል፤ ብርዱም መጥቷል። ስሙን እየጠራን ወረድን፤ የሚመልስልን የራሳችን ድምፅ ነው። በልቤ ያሰብሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ የአገሩ ሰው፣ መንገደኛ በፈረስ እያወጡ የሚያድሩ ጎልማሳ፣ ፈረሳቸውን እየሳቡ ሲወጡ አገኘናቸው። ልጁ በፈረሱ ላይ ነው። እግሩ ወለም ብሎት ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ሳለ እርሳቸው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አይተውት ነው። አማርኛቸው ጥቂት ነበር። ጋሼን አይተው «ልጁ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሼም «የእኛ ነው» አሉ። ሰውዬው እኛን አራታችንን፣ ቀጥሎም ልጁን ተመለከቱና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ፈረሱን ሳቡ። ከላይ ስንደርስ ጋሼ የፈረሱን ዋጋ ከፈሉ፤ እርሳቸውም የወትሮውን ሒሳብ ብቻ ተቀብለው ተሰናብተውን ሄዱ።

«ልጁ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ለራሴ ሦስት መከላከያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስቱንም አንድ በአንድ ልመርምራቸው።

የመጀመሪያው መከላከያዬ «ሂድ ያለኝ እርሱ ራሱ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ብሏል። ነገር ግን ደካማ ሰው «ሂዱ» የሚለው ስለ ፈለገ ነውን? ብዙ ጊዜ የሚለው ስላፈረ ነው። አርባ ሰው በእርሱ ምክንያት መዘግየቱን ያውቃል፤ ሰዓቴን ደጋግሜ ማየቴንም አይቷል። ፈቃዱን ከአፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በአሰልቺነቴና በሰዓቴ። ሰው ራሱ በጫነው ሸክም ምክንያት ያገኘውን ፈቃድ እንደ ነጻነት ማስረጃ ሊያቀርበው አይገባም። ደግሞም የኋላ ጠባቂነት ከጋሼ የተቀበልሁት አደራ ነው። አደራውን ሊያነሣልኝ የሚችለው የ8ኛ ክፍል ተማሪ አልነበረም።

ሁለተኛው «ረድቼዋለሁ፤ ከበሮውን ተሸክሜለታለሁ» የሚል ነው። ይህ ከሁሉ የባሰው ነው። ጥቂት ደግነት ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ግዴታ ለማምለጥ የሚከፈል ዋጋ ይሆናል። ከበሮውን ባልወስድ ኖሮ ትቼው መሄድ የሚከብደኝ ይመስለኛል። ከበሮውን ስወስድ ግን ልቤ «ዕዳህን ከፍለሃል» አለኝ። ዕቃውን አደረስሁ፣ ባለቤቱን ተውሁ። የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ስንት ጊዜ ነው ለአንድ ሰው ገንዘብ ሰጥተን ጊዜ የምንነፍገው? ስንት ጊዜ ነው የታመመን ሰው መድኃኒት ገዝተንለት ሳንጠይቀው የምንቀረው?

ሦስተኛው «ምንም አልሆነም፤ ልጁ ደኅና ገብቷል» የሚል ነው። በእርግጥ ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ልጁ ደኅና የገባው በእኔ ምክንያት ነውን? ባለፈረሱ በሌላ መንገድ ሄደው ቢሆን ኖሮ እኔ የሠራሁት ሥራ ያው በሆነ ነበር፤ ውጤቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። የእኔን በደል ያቀለለው የሌላ ሰው ደግነት ነው። የሌላውን ሰው ደግነት ደግሞ በራሴ ሒሳብ ላይ ልመዘግበው አልችልም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ በአንድ የሥነ ልቦና ትምህርት ላይ ስለ አንድ ጥናት ሰማሁ፤ ስለ ራሴ የሚነገር እስኪመስለኝ ድረስ ደነገጥሁ። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. ነው። አርባ ተማሪዎች አጭር ንግግር ለማድረግ ወደ ሌላ ሕንፃ እንዲሄዱ ተነገራቸው። ከእነርሱ ገሚሱ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ እያሳለ ደጅ ላይ እንዲቀመጥ ተደርጓል። አንዳንዶቹን «ዘግይተሃል፤ ቶሎ ሂድ» አሏቸው፤ ሌሎቹን በመጠኑ አስቸኮሏቸው፤ የቀሩትን ጊዜ እንዳላቸው ነገሯቸው። ጊዜ ካላቸው ከመቶ ስድሳ ሦስቱ ሰውየውን ለመርዳት ሞከሩ። በመጠኑ ከቸኮሉት ከመቶ አርባ አምስቱ። እጅግ ከቸኮሉት ግን ከመቶ አሥሩ ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገር መሄዱም ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላመጣም።

ከዚህ ምን እንማራለን? በዚያ መንገድ ያለፉት ተማሪዎች ክፉዎች ነበሩ ለማለት አይቻልም። የቸኮሉትና ያልቸኮሉት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። የለያቸው ሰዓቱ ነው። እኛ ደካማውን የምንተወው ብዙ ጊዜ ጨካኞች ስለ ሆንን አይደለም፤ ስለ ቸኮልን ነው። ጭካኔ ቢሆን ኖሮ እናውቀው ነበር፤ እንናዘዘውም ነበር። ችኮላ ግን ትጋት መስሎ ስለሚመጣ አንጠረጥረውም። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። ያፈሰሰችው እህል ከሆነ ትለቅመዋለች። ሰው ከሆነስ?

ይህ ነገር በትንሽ ዳገት ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በዓለም ከፍተኛ በሆነው በኤቨረስት ተራራ በ1998 ዓ.ም. በግንቦት ወር (እ.ኤ.አ. 2006) ዴቪድ ሻርፕ የተባለ እንግሊዛዊ ከጫፉ በታች ደክሞ ሞተ። በዚያ መንገድ አርባ ያህል ተራራ ወጪዎች አልፈውት እንደ ሄዱ ተነግሯል። ከእነርሱ ያላዩት ነበሩ፤ የሞተ የመሰላቸው ወይም ሊድን አይችልም ያሉም ነበሩ። በዚያ ከፍታ ላይ ሰው ራሱን ማዳን እንኳ ስለሚቸግረው እኔ ከዚህ ሆኜ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በዚያው ወር፣ ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ ሊንከን ሆል የተባለ አውስትራሊያዊ ከጫፉ ሲመለስ ወደቀ። አብረውት የነበሩት ሼርፓዎች ለብዙ ሰዓት ከደከሙ በኋላ ሞቷል ተብሎ ተተወ፤ ለቤተሰቡም ተነገረ። በማግስቱ ጠዋት ዳን ማዙርና ሦስት ባልንጀሮቹ ወደ ጫፉ ሲወጡ በሕይወት ተቀምጦ አገኙት። ጫፉ ሊደርሱበት ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷቸው ነበር። ቆሙ፤ የሚጠጣ ሰጡት፤ እርዳታ አስጠሩ፤ የደከሙለትንም ጫፍ ተዉት። ሰውየው ዳነ። እነዚህ አራት ሰዎች ጫፍ ሳይደርሱ ተመለሱ። ታዲያ ጉዞአቸው ከንቱ ቀረ የሚል ማን ነው?

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ልንንቀውም አይገባም። «ብርቱው ሁልጊዜ በደካማው ልክ ይሂድ ከተባለ ማንም የትም አይደርስም። አንዱ ስለ ደከመ አርባው ሰው በገደል ውስጥ ይምሽበትን? ብርቱውስ መብት የለውምን?» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። ጨለማ አርባውንም ሊጎዳ ይችላል። ጉልበትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ብርቱ ሰው በመሮጡ አይነቀፍም።

ነገር ግን ተቃውሞው ሁለት ነገሮችን ይቀላቅላል። ቀድሞ መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ብቻውን መተው ሌላ ነገር ነው። ብርቱዎቹ ቢቀድሙ ልጁ አይጎዳም ነበር፤ የተጎዳው ከአጠገቡ ሰው በመጥፋቱ ነው። ሁሉም እንዲቆም አያስፈልግም፤ አንድ ሰው በቂ ነበር፤ ያም አንድ ሰው እኔ ነበርሁ። ደግሞም መቸኮላችን ከሰማይ የወረደ አልነበረም። 11 ሰዓት የተባለው በእኛው ነው። ሰዓቱ የተወሰነው የብርቱውን እግር አስቦ ስለ ሆነ፣ ልጁ «ዘገየ» የተባለው ገና ከመነሻው ነው። ፍጥነቱ ሲወሰን ማን እንደሚቀርም አብሮ ተወስኖ ነበር፤ እኛ ግን ይህን አላወቅንም።

ስለዚህ ለጥያቄው የማቀርበው መልስ ይህ ነው፤ የደካማው ነገር የሚወሰነው ዳገቱ ላይ ሳይሆን ከመነሣታችን በፊት ነው። ዳገት ላይ የደከመ፣ የራበውና የቸኮለ ሰው ስለ ጽድቅ ለማሰብ ጊዜ የለውም፤ የፕሪንስተን ተማሪዎችም አልነበራቸውም። በጎ ለመሆን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለበጎነት ጊዜ ሊመድብ ይገባዋል። ለዚህም ነው በሰንበት ትምህርት ቤታችን ጉዞ ዛሬ ጥቂት ልማዶች የያዝነው። ደካማው ከፊት ይሄዳል፤ ሌላው ከኋላው ይከተላል። የዕረፍት ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። መንገዱ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ፣ በተለይም ዳገቱ በመመለሻው እንደሚጠብቅ፣ ከመውረዳችን በፊት በግልጽ ይነገራል፤ የማይችል ሰው ሳያፍር ከላይ እንዲቀር፣ ከእርሱም ጋር የሚቀር ባልንጀራ ይመደባል። ቆጠራ የሚደረገው በሰው እንጂ በዕቃ አይደለም።

እነዚህ ልማዶች ለገደል መንገድ ብቻ የወጡ አይደሉም። በክፍል ውስጥ ትምህርቱ ሲያመልጠው «ገብቶኛል» የሚል ተማሪ አለ። በቤት ውስጥ «እኔን አታስቡ፤ እናንተ ብሉ» የምትል እናት አለች። በማኅበራችንም መካከል ሦስትና አራት እሑድ ቀርቶ ማንም ያልጠየቀው ወንድም ይኖራል። እነዚህ ሁሉ «ሂዱ፤ እኔ ቀስ እያልሁ እደርሳለሁ» ብለውናል። እኛም አምነናቸው ሄደናል፤ ማመኑ ይቀለናልና።

ያ ልጅ ዛሬ አድጓል፤ ከእኔም በቁመት ይበልጣል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ ወቅሶኝ አያውቅም። ይቅርታ ስጠይቀው «ምንም አልሆንሁም እኮ» ብሎ ሳቀ። አሁንም ከበሮ መቺው እርሱ ነው። አንድ ነገር ግን አስተውያለሁ፤ ለጉዞ ስንወጣ ዳገቱ ምንም ያህል ቢከብድ ከበሮውን ለማንም አያስይዝም። እኔ «አምጣው ልርዳህ» ስለው «ግድ የለም» ይለኛል። ከእኔ የተማረው ይህን ነው። እኔም ሁለተኛ አልለምነውም፤ ከአጠገቡ ሆኜ በእርሱ እርምጃ እሄዳለሁ።